ውሃ የመሰለ ሁሉ ውሃ አይደለም

ስለ አሲድና ስለ ቤዝ

ልጆች ሆይ፤ ዓይን ታላቅ መሣሪያ ነው። በዓይናችን ቀኑን ከሌሊቱ፥ ስንዴውን ከእንክርዳዱ፥ የምናውቀውን ሰው ከማናውቀው እንለያለን። ነገር ግን ዓይን ሁሉን አይለይም። የተፈጨ ጨውና ስኳር በሁለት ሳህን ቢቀርቡ ዓይን ይቸገራል፤ ምላስ ግን ወዲያው ይለያቸዋል። ምላስም ሊደፍረው የማይገባ ነገር አለ። መርዝን ቀምሶ ለማወቅ የፈለገ ሰው፥ ያወቀውን ለማንም ሳይናገር ይሞታል። እንግዲህ ዓይን ሊለየው የማይችለውን፥ ምላስም ሊቀምሰው የማይገባውን ነገር በምን እናውቀዋለን? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። በዚያም ሆነ ከዚያ ወደ ምዕራብ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ባለው ደጋ፥ ምድጃ ባለበት ቤት ሁሉ አመድ አለ። እርድ ለአልጫ ወጥ መልክ ስለሚሰጥ ከገበያ አይታጣም። ሎሚም ከቆላ ወጥቶ ይሸጣል። ለዛሬው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጉን እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ አመድ፥ እርድና ሎሚ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ውድ ዕቃ አያሻንም።

በዚህ አገር ባለ አንድ ተማሪ ቤት ትምህርቱ እንዲህ ይሰጣል እንበል።

መምህሩ አስቀድመው አንድ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በሙቅ ውሃ ይበጠብጣሉ፤ ነጭ ወረቀት ይነክሩበታል፤ ወረቀቱንም በጥላ ያደርቁታል። የፀሐይ ብርሃን የእርድን ቀለም ያደበዝዛልና በፀሐይ አያሰጡትም። በደረቀም ጊዜ ጣት በሚያህል ስፋት በመቀስ ይቆራርጡታል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ብርጭቆ በገበታ ላይ ያኖራሉ። በአንደኛው ንጹሕ ውሃ አለ። በሁለተኛው በጨርቅ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ በጥቂት ውሃ ቀጥኖ አለ። በሦስተኛው የእንጨት አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ አድሮ፥ ጥርት እስኪል ድረስ ተጠልሎ የወጣ የአመድ ውሃ አለ። መምህሩም «ልጆች፥ በእነዚህ ብርጭቆዎች ያለው ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ተማሪዎቹም ከሩቅ አይተው «ውሃ ነው» ይላሉ። አንዱ ግን ቸኩሎ «ልቅመሰውን?» ብሎ እጁን ይዘረጋል።

መምህሩም እጁን ያዝ አድርገው «የማታውቀውን አትቅመስ፤ የምታውቀውም ቢሆን ለምርመራ የቀረበውን አትቅመስ። ምላስህ አንድ ብቻ ነው፤ ወረቀት ግን ብዙ አለን። ስለዚህ በምላስህ ፋንታ ወረቀቱን ላከው» ይሉታል።

ተማሪው አንዱን ወረቀት በመጀመሪያው ብርጭቆ ይነክራል፤ ወረቀቱ እንደ ነበረ ቢጫ ይሆናል። ሌላውን በሁለተኛው ይነክራል፤ ይህም ቢጫ እንደ ሆነ ይቀራል። ሦስተኛውን ወረቀት በሦስተኛው ብርጭቆ በነከረው ጊዜ ግን ቢጫነቱ ጠፍቶ እንደ ሸክላ ይቀላል። ተማሪዎቹ ሁሉ ይደነቃሉ።

ያ ልጅም «መምህር፥ አሁን ገባኝ። ሦስተኛው ልዩ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ናቸው» ይላል።

መምህሩም እንዲህ ብለው ይመልሱለታል፤ «የተናገርኸው እኩሌታው እውነት ነው። ሦስተኛው ልዩ እንደ ሆነ ወረቀቱ ነግሮሃል። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ግን አልነገረህም። እርድ የአመድን ውሃ ያውቃል እንጂ ሎሚን ከውሃ ለይቶ አያውቅም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን ብትጠይቀው ዝም ይላል። አንተም የምስክርን ዝምታ እንደ ቃል አድርገህ አትቍጠረው። ሁለተኛ ምስክር ጥራ።»

ሁለተኛው ምስክር የእንቍላል ቅርፊት ነው። መምህሩ ቅርፊቱን አድቅቀው ከንጹሑ ውሃ ይጨምራሉ፤ ቅርፊቱ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሰጥማል። ከሎሚው በጨመሩት ጊዜ ግን ጥቃቅን አረፋ ከቅርፊቱ ላይ እየተነሣ ወደ ላይ ይወጣል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ እኛም ስንተነፍስ ከሳንባችን የሚወጣው እርሱ ነው። እንግዲህ ውሃ የመሰሉት ሦስቱ ሁሉ በሁለት ምስክር ተለዩ። ማንም አልቀመሳቸውም፤ ማንም አልተጐዳም።

አሁን ስማቸውን እንማር። እንደ ሎሚ ጭማቂ ያለው አሲድ ይባላል። እንደ አመድ ውሃ ያለው ቤዝ ይባላል። ንጹሕ ውሃ ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ገለልተኛ ይባላል። አቼቶና እርጎ ከአሲድ ወገን ናቸው። የጤፍ ሊጥም ሲቦካ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን በውስጡ አሲድ ስለሚሠሩ ይኰመጥጣል። ሳሙና፥ ኖራና በረኪና ግን ከቤዝ ወገን ናቸው። በውሃ የሟሟ ቤዝ ደግሞ አልካሊ ይባላል። ይህ ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የተቃጠለ ተክል አመድ ማለት ነው። ስለዚህ አመድን ከውሃ ጋር አጥልላ ልብስ ታጥብ የነበረች ባልቴት፥ ስሙን ባትሰማውም አልካሊን ታውቀው ነበር።

እናቶቻችሁም ሌላ ነገር አይተው ይሆናል። በነጭ ልብስ ላይ አልጫ ወጥ ፈስሶበት በሳሙና ሲታጠብ፥ የእርዱ ነጠብጣብ በድንገት ይቀላል፤ በብዙ ውሃ ሲለቀለቅም ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ይህም ተአምር ወይም ድግምት አይደለም። ሳሙና ቤዝ ስለ ሆነ የእርድን ቀለም ለወጠው፤ ሳሙናው ሲሄድም ቀለሙ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በቀለሙ መለወጥ አሲድን ወይም ቤዝን የሚያስታውቅ ነገር አመልካች ይባላል። ሮበርት ቦይል የሚባል ሊቅ በ1664 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከሐምራዊ አበባ የተጨመቀ ውሃ በአሲድ እንደሚቀላ፥ በአልካሊም አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፏል። በተማሪ ቤቶች የታወቀው አመልካች ግን ሊትመስ ነው። ይህም በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ሽበት ከሚበቅለው ወገን ከአንዳንዱ የሚወጣ ቀለም ነው። ሰማያዊ ሊትመስ በአሲድ ይቀላል፤ ቀይ ሊትመስ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል። ሊትመስ ስለ ሁለቱም ወገን ስለሚመሰክር ከእርድ ይሻላል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር እንመርምር። መምህሩ ደረቅ አመድና ደረቅ የእርድ ዱቄት በሳህን ላይ አንድነት ይደባልቃሉ። ምንም አይሆንም። ጥቂት ውሃ ጠብ ባደረጉበት ጊዜ ግን ውሃው የነካው ሁሉ ይቀላል። ይህ የሆነው ስለ ምንድር ነው? በአመዱ ውስጥ ያለው ቤዝ ሥራውን የሚሠራው በውሃ ሲሟሟ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ነገር አጥብቆ የመረመረው ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል የስዊድን ሰው ነበረ። ነገሩም እንዲህ ነው። አሲድ በውሃ ሲሟሟ አዮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የሃይድሮጅን ክፍሎችን ይለቃል፤ ቤዝ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ የሚባሉትን ይለቃል። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ተጋጥመው ውሃ ይሆናሉ። አሬኒየስ ጨውና አሲድ በውሃ ሲሟሙ ወደ አዮን ስለ መከፋፈላቸው በ1884 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለመምህራኑ ጽሑፍ ባቀረበ ጊዜ፥ እነርሱ ተጠራጥረው ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ምርመራውን ቀጠለ። በ1903 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እውነት በመጀመሪያው ቀን ባይከበር፥ የሚመረምራት ሰው ካላት ቀኑን ትጠብቃለች።

አሲድ ሁሉ እኩል አይበረታም፤ ቤዝም እንዲሁ። ስለዚህ ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ሊቅ በ1909 ፒኤች የሚባለውን መለኪያ አወጣ። መለኪያው ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቈጠራል። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፥ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። የሎሚ ጭማቂ ወደ 2፥ እርጎ ወደ 4፥ የሳሙና ውሃ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በዚህ መለኪያ አንድ ደረጃ ማለት 10 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ከ4 ወደ 2 የወረደ እንደ ሆነ አሲድነቱ 2 እጥፍ ሳይሆን 100 እጥፍ ይበረታል።

ከማጀታችን ወጥተን አገራችንን ብንመለከት፥ ኢትዮጵያ የመለኪያውን ሁለቱን ወገን ይዛ እናገኛታለን። በዓፋር ምድር፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በሚበልጥ ዝቅታ ላይ ያለው ዳሎል፥ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ፍል ውሃ አለበት። የዚህ ውሃ ፒኤች ወደ 0 የሚጠጋ ነው፤ ከ0 በታች የተለካበትም ቦታ አለ። በስምጥ ሸለቆ ያለው የሻላ ሐይቅ ግን አልካሊ ነው፤ ፒኤቹም ወደ 10 ይጠጋል። የዳሎልን ውሃ ለማየት ሰዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ እጁን የሚነክርበት ግን ይጐዳል። የሚያምር ሁሉ የሚዳሰስ አይደለም።

ወደ ተማሪ ቤቱ እንመለስ። መምህሩ ከአመዱ ውሃ ላይ ጥቂት እርድ ይጨምራሉ፤ ውሃው ይቀላል። ከዚያ የሎሚውን ጭማቂ አንድ አንድ ጠብታ እያደረጉ ያንጠባጥቡበታል። አረፋ ይነሣል፤ ቅላቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ውሃው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። አሲዱና ቤዙ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ኃይል አበረደ ማለት ነው።

መምህሩም «ሎሚውን ማንጠባጠብ ብቀጥል ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

አስቀድማ ያልተናገረች አንዲት ተማሪ «ቢጫነቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን አሲድ ይሆናል። እርድ ስለ አሲድ አይመሰክርምና» ትላለች።

መምህሩም «መልካም ተናገርሽ። ልክን ያለፈ መድኃኒት ሌላ በሽታ ይሆናል» ይሏታል።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ነገር የብርጭቆ ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። የአፈርና የእንጀራ ነገር ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ውሃው ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩም በብዙ ዘመን አሲድ ይሆናል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በወረደ ጊዜ፥ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይመርዛል። ሥሩ ያጥራል፤ ገብሱ ይቀጭጫል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ብዙ አይጠቅመውም። በጎጃም፥ በአዊና በወለጋ እንዲህ ያለ መሬት ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲድነት የተነካ እንደ ሆነ የአፈር ሊቃውንት ይጽፋሉ።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህም ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ኖራው በአፈሩ ላይ የሚሠራው ሥራ፥ የእንቍላሉ ቅርፊት በሎሚው ላይ እንደ ሠራው ነው፤ አሲዱን ያበርደዋል። አመድ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ከሩቁ እርሻ ይልቅ አሲድነቱ የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ገብስ የሚቀጭጨው ከአሲድ የተነሣ ብቻ አይደለም። ውሃ የተኛበት መሬት አለ፤ ፍግ ያጣ መሬት አለ፤ ተባይ የገባበትም አለ። ለዓይን ሁሉም አንድ ይመስላል። ገበሬ አፈሩን ሳያስመረምር ብዙ ኩንታል ኖራ ገዝቶ ቢበትን፥ አፈሩም አሲድ ያልሆነ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡንና ድካሙን ያጠፋል። ኖራው ከልክ ካለፈም ሰብሉ ብረትንና ዚንክን ከአፈሩ ማግኘት ይሳነዋል። በእርድ ወረቀትም አፈርን መርምሬአለሁ ማለት አይቻልም፤ እርድ ስለ አሲድ ዝም እንደሚል አይተናል። አፈር የሚመረመረው ስለ አሲድ መናገር በሚችል መሣሪያ፥ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ነው። ኖራውም የሚጨመረው ምርመራው በሰጠው ልክ ነው።

አሁን ነፍሳችሁን የሚጠብቅ ምክር ስሙ። ሎሚና አመድ በቤት ያሉ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአመድ ውሃ ዓይንን ያቃጥላል። ከእርሱም እጅግ የሚበረቱ አሉ። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው የድኝ አሲድ ልብስን ይበሳል፥ ሥጋንም ያቃጥላል። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች በልባችሁ ያዙ።

አንደኛ፤ በጠርሙስ ያለውን የማታውቁትን ነገር አትቅመሱ፥ አፍንጫችሁንም አስጠግታችሁ አታሽትቱ።

ሁለተኛ፤ አሲድን ወይም በረኪናን መጠጥ በነበረበት ጠርሙስ አታኑሩ። እናንተ ብታውቁት ታናሽ ወንድማችሁ አያውቀውም።

ሦስተኛ፤ በረኪናን ከሎሚ፥ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አትደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጐዳ መርዝ ነው።

አራተኛ፤ ትልቅ ሰው የበረታ አሲድ ማቅጠን ያስፈለገው እንደ ሆነ፥ አሲዱን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ያፍስስ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስስ። ውሃውን ወደ አሲዱ ያፈሰሰ እንደ ሆነ በድንገት ግሎ ይረጫል።

አምስተኛ፤ አሲድ በሰውነታችሁ ላይ ቢፈስ፥ «ቤዝ ያበርደዋል» ብላችሁ አመድ ወይም ሳሙና አትጨምሩበት። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፤ ቍስሉንም ያብሳል። የነካውን ልብስ አውልቃችሁ በብዙ ወራጅ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ታጠቡ፤ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዓይን የተነካ እንደ ሆነም እንዲሁ አድርጉ። በብርጭቆ ውስጥ በጠብታ የሚደረገው ነገር በሥጋ ላይ አይደረግም።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት የሚበልጠውን ፍሬ አትጣሉ። አንድ ሰው መጥቶ ስለ ባልንጀራችሁ ክፉ ወሬ ቢነግራችሁ፥ የመጀመሪያውን ወረቀት አስታውሱ። ይህ ሰው በዓይኑ ያየው የቱን ነው? ያላየውስ የቱን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ምስክር ሳትሰሙ አትፍረዱ። ቸኩሎ የቀመሰ ምላሱን ይጐዳል፤ ቸኩሎ የፈረደ ግን የሰውን ስም ይጐዳል። የተቃጠለ ምላስ ይድናል፤ የጠፋ ስም ግን በቶሎ አይመለስም።

ጥያቄ።

1. የእርድ ወረቀት በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያልተለወጠው ስለ ምንድር ነው?

2. ሎሚን ከንጹሕ ውሃ የለየው ሁለተኛው ምስክር ምን ነበረ?

3. ደረቅ አመድና ደረቅ እርድ ሲደባለቁ ያልቀሉት ስለ ምንድር ነው?

4. ገበሬ ኖራ ከመበተኑ በፊት ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

5. አሲድ በእጅ ላይ ቢፈስ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል? ምንስ አይደረግም?